ጠዋት ጠዋት የሚያኮርፍ ሪሞት

የመነሻው ጥያቄ

በኢንተርኔት መወያያችን ላይ ጥያቄውን ያነሱት ሰው የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አሮጌ ኮሮላ ይነዳሉ። የመኪናው ሪሞት ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይላቸዋል። ደጋግመው ቢጫኑት በሩ ንቅንቅ አይልም። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ግን ምንም እንዳልነካው ይሰራል። ቁልፉን በሩ ላይ ከተው ሲያዞሩት ይከፈታል። ሞተሩም ወዲያው ይነሳል።

አንድ ሱቅ ወስደው አሳይተውታል። ባለሙያው ሪሞቱን እንኳ ሳይከፍት፣ ኮዱ ጠፍቷልና እንደ አዲስ ፕሮግራም መደረግ አለበት አላቸው። የጠራው ዋጋ የወር ጡረታቸውን ጠርጎ የሚወስድ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቁ። የሪሞት ኮድ ዝም ብሎ ይጠፋል ወይ? ከጠፋስ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልመልሰው እችላለሁ ወይ?

ደህና ጥያቄ ነው። መቼ እንደሚሰራ፣ መቼ እንደማይሰራ፣ ምን እንደሚከፈትና ምን እንደማይከፈት ለይተው አስቀምጠዋል። እንዲህ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አያጋጥመንም። ምላሾቹን በየቁጥራቸው እነሆ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ ሰላምታ ብቻ የሆኑትን ዘልያለሁ።

ምላሽ 1

ከቡሬ ነው። ጋሼ ብሎ ጀመረ፣ ጤናቸውን ጠየቀ፣ ባትሪውን ይቀይሩት ብሎ ጨረሰ። አጭር ቢሆንም መጥፎ ምክር አይደለም።

ምላሽ 2

ፍኖተ ሰላም ላይ ሞባይል የሚጠግን ወጣት የጻፈው ነው። ከመቀየርዎ በፊት ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይንገሩኝ አለ። ሲአር 2032፣ ሲአር 2025 እና ሲአር 2016 ሦስቱም ባለ 3 ቮልት ናቸው። የሦስቱም የክባቸው ስፋት 20 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነታቸው ውፍረት ላይ ነው፤ 3.2፣ 2.5 እና 1.6 ሚሊ ሜትር። ሱቅ ውስጥ ወፍራሙ ሲጠፋ ቀጭኑን የሚሸጡ አሉ። እሱ ሲገባ ይላወሳል፤ አንዳንዴ ይነካል፣ አንዳንዴ አይነካም። ወረቀት አጣጥፎ ከስሩ የወተፈ ደንበኛም እንደገጠመው አጫወተን። የባትሪውን ፊት በቅባት እጅ አለመንካት፣ የመደመር ምልክቱ በየት በኩል እንደሆነ አይቶ ማስገባት የሚሉ ምክሮችም ጨምሯል።

ምላሽ 3

መምህሩ ተመለሱ። ባትሪው ከተቀየረ ገና መሆኑን፣ ቁጥሩም ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን ነገሩን። ጎረቤታቸው በመለኪያ ሲለካው 2.9 ቮልት አሳይቷል። እንግዲህ ባትሪው ደህና ነው ብለው ደመደሙ።

ምላሽ 4

ለእኔ የዚህ ክር፣ ማለትም የዚህ የምላሽ ሰንሰለት፣ ምርጥ ምላሽ ይሄ ነው። የጻፈው ባሕር ዳር ያለ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ባትሪ ስራ ላይ ሳይሆን ሲለካ ያታልላል አለ። ቁልፉ ተጭኖ ሪሞቱ ሲያስተላልፍ ጉልበት ይጠየቃል። የደከመ ባትሪ ያን ጊዜ ቮልቱ ይወርዳል፤ ሲለቁት መልሶ ደህና ይመስላል። ብርድ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጠዋቱን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲስ ተብሎ የተሸጠ ባትሪም መደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ቀላል ሙከራ ሰጣቸው። ማታ ሪሞቱን ብርድ ላይ ከመተው ትራስጌ ያሳድሩት። ጠዋት በሞቀ እጅ ይዘው ወጥተው ይሞክሩት። ከሰራ ችግሩ ወይ ባትሪው ነው፣ ወይ ውስጡ የተሰነጠቀ ብየዳ አለ። ኮዱ ግን አይደለም። የጠፋ ኮድ ፀሐይ ስትወጣ አይመለስም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የቀረው ሙግት ለጨዋታ ነው ብዬ ነበር። ክሩ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ምላሽ 5 እና 6

አምስተኛው ሰው ሞተሩ ከተነሳ ኮዱ ደህና ነው ማለት ነው ብሎ ገባ። ስድስተኛው ተቆጣ። ቁልፉ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ አለ። አንደኛው በሩን የሚከፍተው ሪሞት ነው፤ ባትሪ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሞተር እንዲነሳ የሚፈቅደው ትንሽ ቺፕ ነው፤ እሱ ባትሪ የለውም። ቁልፉ የሚገባበት ቦታ ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፤ ቺፑ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ስለዚህ ሪሞቱ ሞቶ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። ሪሞቱ እየሰራ ሞተሩ እንቢ ሊልም ይችላል። የአንዱ ደህንነት ስለሌላው ምንም አይናገርም።

ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ሻካራ ነበር። መምህሩንም አንተ እያለ ነው የጻፈው።

ምላሽ 7 እና 8

ስለ ሪሞት አንድም ነገር የለባቸውም። ሁለቱም ስድስተኛውን በአንቱታ ጉዳይ ገሠጹት። አንዱ ከደጀን ነው፤ ሰውዬው እኔንም ሊያስተምሩኝ ይችሉ ነበር አለ። ስድስተኛው ጽሑፉን አስተካክሎ አንቱ አደረገው። ቁጣው ግን እንዳለ ነው።

ምላሽ 9 እና 10

ዘጠነኛው የሞባይል ካሜራ ሪሞቱ ላይ አድርገው ይጫኑት፣ መብራት ከታየ ይሰራል አለ። ይህ ለቴሌቪዥን ሪሞት ነው። አሥረኛው አረመው፤ በጨዋ ቃል። የመኪና ሪሞት ከጥቂት አሮጌ ሞዴሎች በቀር በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሰራው፤ ካሜራ አያየውም። ከዚያ ስለ ሞገዱ አከለ። ለሰሜን አሜሪካ የተሰሩት በብዛት 315 ሜጋኸርዝ ናቸው፤ ለአውሮፓ የተሰሩት 433.92። የእህቱ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣለት ሪሞት መልኩም ቁልፎቹም ከመኪናው ጋር አንድ ነበር። ቁልፍ ሰሪው ቀኑን ሙሉ ታገለ፤ አልገባም። መኪናው 433 ላይ የሚያዳምጥ፣ ሪሞቱ 315 ላይ የሚናገር ነበር። ሪሞት ከውጭ የሚያስመጣ ሰው መጀመሪያ የድሮውን ከፍቶ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያንብብ አለ። የመኪናውን ስም ብቻ መናገር አይበቃም።

ምላሽ 11

የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ከእንጅባራ። ትንሹ ልጇ ሪሞቱን ቤት ውስጥ ሲጫወትበት ዋለ፤ ከዚያ መኪናው አላውቅህም አለ። ኮዱን ልጄ ጨርሶት ይሆን ወይ ብላ ጠየቀች።

ምላሽ 12

የመለሰላት ባሕር ዳር ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር ልጅ ነው። ነገሩን ጥሩ አድርጎ አስረዳ። ሪሞቱ በተጫነ ቁጥር አዲስ ኮድ ይልካል፤ ሌባ የትናንቱን ቀድቶ ዛሬ እንዳይከፍት። ሪሞቱና መኪናው ዕቁብ ሰብሳቢና ዕቁብተኛ ናቸው፤ ሁለቱም በየደብተራቸው ቁጥር ይይዛሉ። መኪናው በማይሰማበት ርቀት ሲጫኑት የሪሞቱ ደብተር ብቻውን ይገሰግሳል። መኪናው ጥቂት ቢቀደም ችግር የለውም። ብዙ ሲቀደም ግን ይጠራጠራል። በብዙ መኪኖች አጠገቡ ቆሞ አከታትሎ ሁለት ጊዜ መጫን ያስታርቃቸዋል። ካልሆነ ሪሞቱ እንደገና መተዋወቅ አለበት።

ከዚያ ትንሽ ዕውቀቱን አሳየን። ኪሎክ የሚባለው ዝነኛው የዚህ ዓይነት ኮድ በ1980ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተፈለሰፈ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ማይክሮቺፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጀርመኑ ቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰበሩት። ማንም አልጠየቀውም ነበር፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ምላሽ 13

ከሞጣ፣ ነርስ ናት። ስለ ኮዱ ግድ የላትም። የእንጅባራዋን እናት ልጁ ሪሞቱን ከፍቶት እንደሆነ ጠየቀቻት። ክቧ ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ማድረስ ትችላለች። ልጅ ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ ባይታመምም ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። አሮጌዋንም ባትሪ መሳቢያ ውስጥ መወርወር አይገባም፤ ለመኪናው የደከመች ለልጅ ጉሮሮ አልደከመችም። እናትዮዋ ልጁ ደህና መሆኑን፣ ሪሞቱም ሁለት ጊዜ ሲጫን መታረቁን ጻፈች።

ምላሽ 14፣ 15፣ 16

እዚህ ላይ ክሩ ሰርግ ቤት ገባ። ከደምበጫ አንድ ሚዜ ሙሽራ ሊያጅብ ሄዶ ቁልፉን ጠላ ጋን ውስጥ ጣለው። እንዴት እንደጣለው አልነገረንም። በወንፊት ተፈልጎ ወጣ። ከዚያ አንድ ዘመዱ ጤፍ ውስጥ ቅበረው፣ እርጥበቱን ይጠጣዋል አለው። ቀበረው። የጤፍ ፍሬ በቁልፎቹ ቀዳዳ ገብቶ ቀረ። ሪሞቱን ሲጫነው አሁን ከርከር ይላል።

አሥራ አምስተኛው የፍኖተ ሰላሙ ጠጋኝ ነው፤ ሊታዘንለት ይገባል፣ ስቆ ሳይሆን አምርሮ ነው የመለሰው። እርጥብ ሪሞት ተከፍቶ ባትሪው ወዲያው ይወጣል። ጠላ ወይም ለስላሳ ከሆነ ውስጡ ስኳርና አሲድ ይተዋል፤ ማድረቅ ብቻ አይበቃም። ሰሌዳው በንጹሕ አልኮል በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው ባትሪ የሚገባው። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ፕላስቲኩን ያጎብጠዋል። ጤፍ ለእንጀራ ነው።

ይህን ባይል ይሻል ነበር። አሥራ ስድስተኛው የትኛው ጤፍ ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲያ የቢቸና ነጭ ጤፍ ይበልጣል፣ የአድአ ማኛ ይበልጣል የሚል ክርክር ተነሳ። ለእኔ የቢቸናው ነው፤ ይህንም ያልኩት አገሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ምላሽ 17 እስከ 20

ጠቡ የመጣው በዚህ በኩል ነው። ከዳንግላ የጻፈ አንድ ሹፌር ቁልፍ ፕሮግራም የሚያደርጉ ሁሉ ዘራፊዎች ናቸው አለ። ማሽን ይሰካሉ፣ ሁለት ደቂቃ ይነካካሉ፣ የበግ ዋጋ ይቀበላሉ።

አሥራ ስምንተኛው ራሱ የዚህ ስራ ሰው ነው፣ ባሕር ዳር ሱቅ አለው። ንዴቱ ከጽሑፉ ያስታውቃል። ማሽኑ የሚገዛው በዶላር ነው፣ ሶፍትዌሩ በየጊዜው ይታደሳል፣ ማደሻውም በዶላር ነው አለ። በስራው መሃል የመኪናው ባትሪ ቢደክምና ቢቋረጥ ኮምፒውተሩ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ዕዳው የእሱ ነው። ደግሞም ሰው ሁለተኛ ቁልፍ የሚያሰራው የመጨረሻው ሲጠፋ ነው። አንድ የሚሰራ ቁልፍ እያለ መጨመር ቀላልና ርካሽ ነው። ሁሉም ከጠፉ ግን መኪናው ይጎተታል፣ ቁልፉን የሚያውቀው የመኪናው የኮምፒውተር ሳጥን ይፈታል፣ ዋጋው ሌላ ነው።

የዳንግላው አልለቀቀውም። ታዲያ የማርቆሱ ባለሙያ ሪሞቱን ሳይከፍት ኮድ ጠፋ ያለው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ዶላሩ ለዚህ መልስ አይሆንም አለ። ባለሱቁ በሃያኛው ምላሽ ስለ ሌላ ሰው ስራ አልናገርም ብሎ አለፈ።

እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ግን ጥያቄው መልስ አላገኘም። ዋጋ ከመጥራት በፊት ባትሪ ማውጣትና ብየዳ ማየት የአምስት ደቂቃ ስራ ነው። እሱን ዘሎ ማሽን የሚሰካ ሰው ማሽኑን እንጂ መኪናውን አያውቅም።

ምላሽ 21

በራሴ ልመልሰው እችላለሁ ወይ ለሚለው የመምህሩ ሁለተኛ ጥያቄ መልስ የሰጠ እስካሁን እሱ ብቻ ነው። ከመርዓዊ ነው። የዚያ ዘመን አንዳንድ ቶዮታዎች ያለ ማሽን ሪሞት ይቀበላሉ አለ። የሾፌሩ በር ተከፍቶ ቁልፉ ይገባል፣ ይወጣል፤ በሩ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ሁሉም ተቆጥሮና ሰዓቱ ተጠብቆ። መጨረሻ ላይ ቁልፉ ገብቶ ሳይነሳ ወደ ኦን ሄዶ ይመለሳል። መኪናው ገብቶኛል ለማለት በሮቹን ራሱ ቆልፎ ይከፍታል። ከዚያ ሪሞቱ ይጫናል።

ማስጠንቀቂያው ግን ከአሰራሩ ይበልጣል። አንዴ ወደ ኦን ማዞር አዲስ ሪሞት ለመጨመር ነው። ሁለት ጊዜ ማዞር የነበሩትን ሁሉ ሰርዞ እንደገና ለመጻፍ ነው። የተሳሳተ ሰው ሲሰራ የነበረውንም ሪሞት ያጣል። ቅደም ተከተሉ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ለኮሮላ የተጻፈውን ያሪስ ላይ መሞከር ልፋት ነው። ይህ ደግሞ ለሪሞቱ ብቻ ነው፤ የሞተሩን ቺፕ አይነካም።

ምላሽ 22

ከሉማሜ የመጣው አጭር ጽሑፍ ብዙዎቻችንን ቀሰቀሰ። ሪሞቱ የቶዮታ መሆኑን አረጋግጠዋል ወይ አለ። አገራችን ውስጥ ያለ ብዙ አሮጌ መኪና ኋላ የተገጠመ የሌባ አላርም አለው። ያ ከሆነ በር መክፈትና መዝጋት ምንም አያመጣም። የአላርሙ ሳጥን ዳሽቦርድ ስር ተደብቆ ይገኛል፤ የሚታወቀውም በራሱ ቁልፍ ወይም በራሱ ማብሪያ ነው። መምህሩ ሪሞቱ ከቁልፉ ጋር አንድ አካል መሆኑን፣ የኩባንያውም ምልክት እንዳለበት መለሱ።

ምላሽ 23 እስከ 25

ሃያ ሦስተኛው መኪናው የወንድሜ ነው፣ ወንድሜ የለም፣ ሊብሬውም የለኝም፣ ቁልፍ ሳይኖር ማስነሻውን አሳዩኝ አለ። ሃያ አራተኛው በቁጣ መለሰለት፤ እዚህ አልደግመውም። ሃያ አምስተኛው የባሕር ዳሩ ባለሱቅ ነው። ያለ ሊብሬና ያለ መታወቂያ ማንም ሲመጣ እንደሚመልስ፣ ከዚያ በላይም ፎቶ ኮፒ እንደሚያስቀር ጻፈ። የዳንግላው ሹፌር ሳይቀር ደገፈው። ጠያቂው አልተመለሰም።

ምላሽ 26

መምህሩ ናቸው። ትራስጌ ያደረው ሪሞት ጠዋት በመጀመሪያው ሰርቷል። ብርድ ላይ ሲያሳድሩት ግን በአዲስ ባትሪም አልሰራም። ስለዚህ ማርቆስ ውስጥ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወሰዱት። ልጁ በማጉያ መነጽር ሲያየው ባትሪውን የሚይዘው ብረት ስር ያለው ብየዳ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ሲቀዘቅዝ ይለያያል፣ ሲሞቅ ይገጥማል። በአንድ ጠብታ እርሳስ በየደው። የተቀበላቸው የሻይ ዋጋ ነው። ፕሮግራም የተደረገ ነገር የለም።

አራተኛውን ሰው አመሰገኑ፤ ስድስተኛውንም ጭምር። ስድስተኛው ጋሼ ብሎ መለሰላቸው።

ምላሽ 27 እስከ 30

የቀሩት ስለ ቁልፍ አልባዎቹ መኪኖች ናቸው። በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው በዝቷል፤ ጥያቄውም አብሮ መጣ። የሪሞቱ ባትሪ መንገድ ላይ ቢሞትስ? ሃያ ስምንተኛው መለሰ። አብዛኞቹ ሪሞቶች ሆዳቸው ውስጥ የብረት ቁልፍ አላቸው፤ በእሱ የሾፌሩ በር ይከፈታል። ብዙ ባለ ፑሽ ስታርት (ማስነሻቸው የሚጫን) ቶዮታዎች ላይ ሪሞቱን ራሱን ማስነሻው ላይ አስጠግቶ፣ ፍሬን ረግጦ መጫን ያስነሳል። በሌሎቹ የማስጠጊያው ቦታ ሌላ ነው፤ መመሪያው ላይ አለ። ይህን አባይ በረሃ መሃል ቆሞ ከመፈለግ ቤት ሆኖ አንድ ቀን መሞከር ነው።

ሃያ ዘጠነኛው የኤሌክትሪክ መኪናም ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ እንዳለው አስታወሰ። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም በሩ ለሪሞት አይታዘዝም፤ ሰው ግን ሪሞቱን ይወቅሳል። ሠላሳኛው ሪሞትና ሞባይል አንድ ኪስ አታኑሩ አለ። እኔ ግን ደካማ ባትሪ በሞባይል ሲመካኝ ነው ደጋግሜ ያየሁት።

ምላሽ 31 እስከ 33

የመጨረሻው ጥያቄ ከደብረ ኤልያስ መጣ። ሁለተኛ ቁልፍ ማሰራት እፈልጋለሁ፤ መኪናውን አዲስ አበባ ድረስ መንዳት አልችልም፤ ቁልፉን ብቻ በአውቶቡስ ልላከው ወይ? ባለሱቁ መለሰ። ብረቱን ማስቀረጽ ይቻላል፣ ቺፑንም አንዳንዱን መቅዳት ይቻላል። ሪሞቱን ግን የሚመዘግበው መኪናው ነው፤ መኪናው በሌለበት መተዋወቅ የለም። ሌላ መኪና ላይ የተመዘገበ ያገለገለ ስማርት ቁልፍም (የቁልፍ አልባዎቹ መኪኖች ሪሞት) በርካሽ ተገኘ ተብሎ አይገዛም፤ ብዙዎቹ የድሮው ምዝገባ ሳይሰረዝላቸው ለሁለተኛ መኪና አይገቡም።

የደብረ ኤልያሱ ሰው ሳጥኑን አስፈትቼ ከቁልፉ ጋር ብልከውስ አለ። ይቻላል ተባለ፤ ግን ሳጥኑ እስኪመለስ መኪናው አይነሳም፣ መንገድ ላይ ከጠፋ ደግሞ ከሁለተኛ ቁልፍ ይልቅ ሁለተኛ ሳጥን ፍለጋ ነው። ባለሱቁ በሚቀጥለው ወር ማሽኑን ይዞ ማርቆስ እንደሚመጣ ጻፈ፤ አምስት መኪና ከተገኘ። እስካሁን ሦስት ሰው ተመዝግቧል፤ አንዱ የዳንግላው ሹፌር ነው።